የግድግዳ ክርክር

ደባርቅ በመምህርነት በተመደብኩበት ዓመት ከሥራ መልስ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። አንድ ምሽት ባልየው ሚስቱን ይቅርታ ሲጠይቅ «ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ ከልቡ ነው!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ።

ደንግጬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። በማግስቱ ግን ጨዋታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አዱኛ ይባላሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የፓርክ ጠባቂ ናቸው። በራቸው በሌላኛው መንገድ በኩል ስለሆነ ተያይተን አናውቅም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ በየምሽቱ ተከራከርን፤ እኔ ለሚስትየዋ፣ እሳቸው ለባልየው። አንዳንድ ቀን፣ ከተማሪዎቼ ሌላ ያነጋገርኩት እሳቸውን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጉንፋን ጣለኝና ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት ተኛሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ዛሬ ምነው ጠፋሽ?»

«አሞኝ ነው ጋሼ። እርስዎ ይዩትና ነገ ይነግሩኛል።»



«እኔ እኮ ቴሌቪዥን የለኝም» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ስሰማ የከረምኩት ያንቺን ነው።»