ችግር የለም ያሉኝ ዐሥራ አራት ሱቆች

በአርባ ሦስት ዓመቴ ፌሎው ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ እንግዳ ተቀባይዋ የአንዱ ፌሎው አባት መሰልኳት። “ልጅህን ልታደርስ ነው?” አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ሌሎቹ ሦስቱ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ከዚያ በፊት አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ዘጠኝ ዓመት እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሸትል ነድቻለሁ። ከሥራ መልስ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ ማስተርሴን ጨረስኩና ይህን ፌሎሺፕ የሚሉትን ምደባ አገኘሁ። ምደባው የአንድ ዓመት ነው፤ አንድ ድርጅት ይቀበልሃል፣ አንተ ደግሞ የሰፈሩ ነጋዴዎች በሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ትረዳለህ። ይህን ለሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አማቴ ፌሎሺፕ መግባቴን ሲሰሙ ሃይማኖቴን የለወጥኩ መስሏቸው ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ።

አለቃዬ ዴኒስ ትባላለች። እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ በሥራው ያረጀች ሴት ናት። ታብሌት፣ የአንገት ባጅና የስደተኞች ሱቅ የበዛበትን የቢዩፎርድ ሃይዌይ ጎዳና ካርታ ሰጠችኝ። ካርታው ላይ ዐሥራ አራት ሱቆች በቀይ ተከበዋል።

“እነዚህ የኢትዮጵያውያን ናቸው” አለችኝ። “ባለፈው ዓመት የላክነው ልጅ ከአንዱም መልስ አላገኘም። አንተ ግን ቋንቋውንም ባህሉንም ታውቃለህ።”

“እሱን ለኔ ተይው” አልኳት። ለኔ ሠርግና ምላሽ ነበር።

ሱቆቹን እየዞርኩ ታብሌቱ ላይ የምሞላው የጥናት ቅጽ ሃያ ሁለት ጥያቄ አለው። ዋናው ሰባተኛው ነው፦ ንግድዎን የሚያሰጋ ችግር አለ? “አለ” ያለ ሱቅ የኪራይ ውሉን የሚያይለት ጠበቃ በነፃ ያገኛል። “የለም” ያለ ይታለፋል። ሰፈሩ እየተወደደ፣ ሱቆቹ ያሉባቸው ፕላዛዎች ለአፓርትመንት ሠሪዎች እየተሸጡ ስለነበር ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

መጀመሪያ የገባሁት ብሩክሄቨን አጠገብ ካለ ፕላዛ፣ ጋሽ ሰይድ ባልትና ቤት ነው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቴምርና የሶላት ምንጣፍ ይሸጣሉ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ አቀረቡልኝ፣ አይተዋት ስለማያውቋት እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። እኔም ታብሌቴን አውጥቼ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

“ጋሽ ሰይድ፣ ሥራዎን የሚያሰጋ ችግር አለ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ምን ችግር አለ ብለህ! ደህና ነን። ይልቅ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ።”

“የለም” የሚለውን ነካሁ። ስወጣ አንድ ከረጢት ሽሮ በግድ አስያዙኝ።

ዐሥራ አራቱንም በስምንት ቀን ጨረስኳቸው። ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ አለኝ፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ፤ እኔም ሁሉንም “የለም” ላይ ምልክት አደረግኩ። ሌሎቹ ፌሎዎች አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት እየተቀመጡ የሰው ብሶት ሲጽፉ ሳይ አዘንኩላቸው። ልጆች ናቸው፣ ሥራ ማፍጠን ገና አልለመዱም ብዬ ነው።

በሦስተኛው ወር የነፃ ጠበቃውን ሰዓት ለሚያከፋፍለው የድርጅቱ ኮሚቴ ሪፖርት አቀረብኩ። አርባ አንድ ገጽ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ሌሎቹ ፌሎዎች የዞሯቸው የሜክሲኮዎቹና የቬትናሞቹ ሱቆች ረጃጅም የችግር ዓምድ አላቸው፤ የኛዎቹ ቦታ ባዶ ነው። ባዶውን “የማኅበረሰቡ ጽናት” ብዬ ሰየምኩትና ስለ እድርና እቁብ አንድ ምዕራፍ ጨመርኩበት። ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ቀጥሎም የጠበቃውን ሰዓት በሙሉ ለሌሎቹ ሱቆች ደለደለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ ሽሮ አልቋል ብላ ላከችኝ። ጋሽ ሰይድ ጋ ስገባ ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሐያት፣ እዚሁ ያደገችው ልጃቸው፣ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

“ምን ሆናችሁ ነው?” አልኳት።

“ፕላዛው ተሸጠ እኮ፣ ሙሌ። አዲሱ ላንድሎርድ ሊዛችሁ ሲያልቅ ሙቭ አድርጉ ብሎናል።” ካርቶኑን በፕላስተር አሸገች። “ጎናችን ያለው የሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤት ግን ይቆያል። ፍሪ ሎየር ተልኮላቸው፣ ላይክ፣ ሊዛቸውን ፊክስ አደረገላቸው። እኛን ለምን ስኪፕ እንዳደረጉን አይ ዶንት ኖው።”

እኔ አውቅ ነበር። ባጄን ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ ከጓዳ ወጡና እንደ ልማዳቸው ወንበር ሳቡልኝ። “አብሽር፣ አትጨነቅ” አሉኝ፣ መጽናናት የሚገባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ። “ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። አላህ ያለው ይሆናል።”

“ጋሽ ሰይድ፣ ውሉን ያሳዩኝ።”

ከሽሮው ማዳበሪያ ጀርባ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ተከራዩ አስቀድሞ በጽሑፍ ካሳወቀ ውሉን ለተጨማሪ አምስት ዓመት ማራዘም ይችላል ይላል። የማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

“ማራዘም እንደሚፈልጉ አሳውቀዋል?”

“እንዴታ! ለአሮጌው ባለቤት ነገርኩት፣ ኦኬ ብሎ ጨበጠኝ። አዲሱ ደግሞ የማውቀው ነገር የለም አለ።”

“በጽሑፍ ሰጥተውታል?”

“ሰው ከጨበጠህ በኋላ ደግሞ ፈርም ትለዋለህ እንዴ?”

ቢሮ ተመልሼ ዴኒስ ፊት ቆምኩ። “ሪፖርቱ ላይ ስህተት አለ” አልኳት።

“የትኛው ገጽ ላይ?”

“ሁሉም ላይ።”

ሰባተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደሞላሁት ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን አንስታ ጠበቃውን ለመነችው፣ እሱም ሰዓቱ ያለቀ ቢሆንም ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጻፈኝ። አርባ አንድ ገጼ ያልሠራውን ሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊሠራው ነው። ደብዳቤው ኮሌጅ ፓርክ ላለው የአከራዩ ቢሮ በእጅ ተሰጥቶ ተቀባዩ ቅጂው ላይ መፈረም ነበረበት።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ደብዳቤውን ጭናቸው ላይ ይዘው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ኮሌጅ ፓርክን ተጨፍኜ አውቀዋለሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ስፎክር ሄድኩ። ከዚያ እጄ ለምዶ የድሮው ሆቴሌ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። በረኛው አየኝና “ተመልሰህ መጣህ እንዴ?” አለኝ። “ገና ነኝ” አልኩት። በሆዴ ግን ተባርሬ ወር ሳይሞላ እንደምመለስ እርግጠኛ ነበርኩ።

የአከራዩ ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴት ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ቀኑን ከውሉ ጋር አስተያየች፣ አንድ ሰው ጋ ደወለች፣ አስጠበቀችን። በመጨረሻ ማኅተም መትታ ፈረመችና ቅጂውን መለሰችልን። “በቀኑ ደርሳችኋል” አለች። ጋሽ ሰይድ ቅጂውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ መኪናው ጋ እስክንደርስ ሦስቴ አውጥተው አዩት። ያ ሁሉ “ደህና ነን” ምን ያህል ጭንቀት ተሸክሞ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ስንመለስ መቻል አቃተኝ። “ጋሽ ሰይድ፣ ያኔ ስጠይቅዎ ለምን ችግር የለም አሉኝ?”

“ሱቄ የመጣህ እንግዳ ነህ። ሻይ ላቅርብልህ ወይስ ችግሬን?” አሉና ዞር ብለው አዩኝ። “ደግሞ አልዋሸሁህም። አላህን አመሰገንኩ። አንተ ምን ብለህ እንደጻፍከው እኔ በምን አውቃለሁ? አገርህን ረሳኸው እንዴ?”

አልረሳሁትም። እኔም ሸትል ስነዳ ወገቤ ተቆርጦ፣ እንዴት ነህ ላለኝ ሁሉ ተመስገን ደህና ስል ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ያንን ለማወቅ ነበር የተቀጠርኩት። ባጅ ሲንጠለጠልልኝ ጠፋብኝ።

ካርቶኖቹን ከሐያት ጋር ፈትተን ዕቃውን መልሰን ደረደርን። ማን ስኪፕ እንዳደረጋቸው ስነግራት ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። “የምርህን ነው?” ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ ታብሌቴን ቢሮ ጥዬ የቀሩትን ዐሥራ ሦስት ሱቆች እንደገና ዞርኩ። ሻይ ጠጣሁ፣ ቆየሁ፣ ውል አነበብኩ። ስድስቱ ጠበቃ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ተገኙ፤ ዴኒስ ኮሚቴውን ለምና ሰዓት አገኘችላቸው። የመጨረሻው የአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበር። በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ላይ የሚከራይ ቤት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወር በፊት ለቃ ወጥታለች፤ የት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም። ቅጿ ላይ “የለም” የሚለውን ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እስካሁንም እንደዚያው ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ዴኒስ አላባረረችኝም። አዲስ ፌሎዎችን የማሠለጥነው አሁን እኔ ነኝ። ሰው ችግር አለብዎት ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ ውልዎን ያሳዩኝ ይባላል፤ ከዚያ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ ነው።