የዘሀራ አንድ ዓይን

ዘሀራ የቀኝ ዓይኗን ያጣችው በስድሳ ስድስቱ ረሃብ፣ ገና ሕፃን ሳለች ነው። ከሀብሩ ተነሥተው ከእናቷ ጋር በእግራቸው ወልድያ መጠለያ ሲደርሱ ኩፍኝ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ብዙዎቹን ልጆች ሲወስድ ከእሷ ዓይኗን ብቻ ወስዶ ተዋት። እዚያ በሽተኛ የሚያስታምሙት የሚሲዮን ሴቶች ነበሩ። እናቷ ልጄን ክርስቲያን ያደርጉብኛል ብላ ስለ ሰጋች ክታብ አንገቷ ላይ አሥራ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጠብቃት ነበር። አንዲት መነኩሲት ልጅቷን ልታጥብ ክታቡን ፈታች። አጥባ፣ ወተት አጠጥታ፣ ክታቡን መልሳ አሠረችላት፤ ያውም ከእናትየዋ ይልቅ አጥብቃ። እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኛችው ያን ቀን ነው።

ዛሬ ዘሀራ መርሳ ከተማ ላይ ፓፓያና ብርቱካን ትሸጣለች። መደቧ አንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ድሆችን በነፃ ከሚያክምበት ክሊኒክ በር ፊት ለፊት ነው። ክሊኒኩ አልቀጠራትም፣ ደመወዝም የላትም፤ ሥልጣኗ ግን ከዘበኛው ይበልጣል። ፓፓያ ሊገዛ የመጣ ሰው ካሳለ ሚዛኑን ትታ በጋቢው ጫፍ ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች። ደህና ነኝ ቢላት አትሰማም። ጠበል ጀምሬያለሁ ቢላት፣ ጠበሉም አይቅር ኪኒኑም አይቅር ትለዋለች። ዱዓ አስደርጌያለሁ ቢላት አሚን ብላ መጎተቷን ትቀጥላለች። ከዚህ የተነሣ መርሳ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው በጓሮ መንገድ መዞር ለምዷል። እኔም እግሬ አብጦ ሳለ እንደ ወይፈን ተነድቼ ገብቻለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

የቀረችው ዓይኗ መደብዘዝ ስትጀምር ዘሀራ ማንም እንዲያውቅባት አልፈለገችም። ግን አንድ ጧት ከሱቅ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ነጭ ጆንያ አየችና የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሙሐመድዘይን መስለዋት "አሰላሙ አለይኩም" አለች። ጆንያው አልመለሰም። ዘሀራ ተቀየመች። ከዚያ ወዲያ ሼሁን ባገኘች ቁጥር ፊቷን ታዞርባቸው ጀመር። እሳቸውም ጥፋታቸውን የሰሙት ቆይተው፣ ነገሩን ሁሉ ቆሞ ካየው ባለሱቅ ነው።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሊዲያ መርምራ ሞራ ነው አለቻት። ድርጅቱ የዓይን ሐኪሞች ወደ ወልድያ ሊያመጣ ነበር፤ በነፃ ይገፍፉታል። ካልተገፈፈ ግን ይህችም ዓይን ትጨልማለች። በርበሬ ሻጯ ጎረቤቷ አለሚቱ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ስለ ነበረባቸው አስቀድማ ተመዝግባለች። ጎትታ ያስመዘገበቻት ማን እንደሆነች መናገር አያሻም።

ነገሩ የተበላሸው በምክሩ ነው። ሲስተር ሊዲያ ተመዝጋቢዎቹን ሰብስባ፣ ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ለአንድ ወር ጎንበስ ማለትና ዓይንን በውኃ መንካት የለም አለች። እንደተማረችው ተናገረች እንጂ ወሩ ምን ወር እንደሆነ ልብ አላለችም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን የገቡበት ዓመት ነበር። ክርስቲያኑ ስግደቱን፣ ሙስሊሙ በሱጁድ ግንባሩን መድፋቱንና ለውዱእ ፊቱን መታጠቡን አሰበ። በማግስቱ ግማሹ ሰው ጠፋ።

ዘሀራ ግን ላለመሄድ ምክንያት አገኘች። ለጠየቃት ሁሉ፣ ግንባሬን ለጌታዬ ካልደፋሁ የዓይን ብርሃን ምን ሊያደርግልኝ ትል ጀመር። ሃይማኖተኛነቷን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን መስጊዱ ከመደቧ ላይ ሆና የሚታያት ሆኖ ሳለ፣ ሄዳ ሼሁን አለመጠየቋ ሁላችንንም ገረመን።

አለሚቱ የንስሐ አባቷን ጠይቃ ፈቃድ ያገኘችው በዚያው ቀን ነው። ዘሀራም ትጠይቅ እንደሆነ ጠበቀች፤ ዘሀራ ግን ከመደቧ አልተነሣችም። በመጨረሻ አለሚቱ ነጠላዋን አስተካክላ ራሷ ወደ ሼሁ ሄደች። ክርስቲያን ሴት የሶላት ጥያቄ ይዛ ስትመጣባቸው ሼሁን ሳቅ ይዟቸው ነበር ይባላል። የታመመ ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ለውዱኡም መላ አለው፣ ይህን ደግሞ ዘሀራ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች አሏት።

አለሚቱ ተመልሳ መደቡ አጠገብ ቁጭ አለች።

"ፈቅደዋል። ታውቀዋለችም ብለዋል።"

"አንቺን ማን ላከሽ?"

"ማንም። እኔን ስትጎትቺኝስ ማን ልኮሽ ነበር?"

ዘሀራ ብርቱካኖቿን ደረደረች፤ አፈረሰች፤ እንደገና ደረደረች። ከዚያ ከእሷ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ እንዲህ አለች።

"አንድ ናት እኮ አለሚቱ። ብትበላሽ ሌላ የለኝም። ፈራሁ።"

 አለሚቱ በርበሬ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እኔ ሁለት አሉኝ። በአንዷ ልሞክርልሽ" አለቻት።

ሐኪሞቹ ሲመጡ ሁለቱ ሴቶች ከሲስተር ሊዲያ ጋር በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፈው ወልድያ ገቡ። አለሚቱ ቀድማ ተሠራላት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ዘሀራ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠግታ ነበር። አለሚቱ ዓይኗን አርገበገበች፤ ግድግዳውን አየች፤ ሲስተር ሊዲያን አየች፤ ከዚያ ጓደኛዋን ረጅም ጊዜ አየቻት።

"ምን ይታይሻል?" አለች ዘሀራ።

"ውይ ዘሀራ፤ እኔ እኮ ቆንጆ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዘሀራ አልሳቀችም። ተነሥታ ለሲስተር ሊዲያ እጇን ሰጠቻትና፣ "በይ ውሰጂኝ ልጄ፤ ይቺን ሴት በደንብ አይቼ የምመልስላት ነገር አለኝ" አለች።

ዓይኗ በራች። መልሱንም ፋሻው እንደ ተፈታ መለሰችላት፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ያን ወር አንዷ ሶላቷን፣ ሌላዋ ጸሎቷን ወንበር ላይ ሆነው አደረሱ። ብርቱካን ከመደቡ ቢወድቅ መንገደኛ ተጠርቶ ያነሣላቸዋል። አንዷ አንገቷን ዘንበል ካደረገች ሌላዋ ትቆጣታለች። ይህን እያዩ ጠፍተው የነበሩት ሰዎች ለሚቀጥለው ዙር ሊመዘገቡ ተመለሱ። ሲስተር ሊዲያም አሁን ምክሩን የምትሰጠው ቄሱንና ሼሁን ግራና ቀኝ አስቀምጣ ነው።

በቅርቡ ብርቱካን ልገዛ ሄጄ፣ ከዚህ ሁሉ ለአንቺ ትልቁ ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኔ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለችኝ፦

"ለዓይኔስ አልሐምዱሊላህ። ግን ያን ሁሉ ሰው ሳስገባ አንዱንም ምን ፈራህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ አንቱንም ጭምር። አሁን መጀመሪያ እሱን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ አብሬው ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። እምቢ ካለ ግን ያው መጎተቴ አይቀርም።"