ግማሹን ሬዲዮ የበላው ዘፈን

በአልባኒያዋ ሽኮድራ፣ ብስክሌት የተበላሸበት ሁሉ ወደ ፓሽክ ይሄዳል። ዘፈን የናፈቀውም እንዲሁ ነበር። ያን ጊዜ፣ በኮሚኒስቶቹ ዘመን፣ የጣሊያን ሬዲዮ ማዳመጥ ያሳስራል፤ ፓሽክ ግን ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ ጋደም ሲል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ይለጥፋል። መቅረጫ የለውም፤ የሰማውን በጭንቅላቱ ይዞ ይነሳና ጎማ እየለጠፈ ለሚያምነው ሰው በፉጨት ያቀብላል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ልቅሶም ሳቅም በቀላቀለ ድምፅ የምትዘፍነውን ያዘ። መሃሉ ላይ ሲደርስ መንግሥት የውጭ ጣቢያ ለማፈን የሚለቀው ጩኸት ሬዲዮውን ዋጠው። ቀሪውን ለወራት ቢጠብቅ አልመጣም። ጓደኛው ዜፍ ደግሞ ለሚወዳት ለቱሼ የሚዘፍንላት ነገር አጥቶ በየቀኑ ይጨቀጭቀዋል። ፓሽክ ቢጨንቀው የጎደለውን ዜማውንም ቃሉንም በተሰባበረ ጣሊያንኛው ከራሱ ጨመረበት። ዜፍ ምንም ሳያውቅ ዘፈነላት፤ አገባት። ዘፈኑም ከቤት ቤት ዞሮ፣ በየሰርጉ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚዘፈን ሆነ።

ዘመኑ ተለወጠ፤ ፓሽክም ሸበተ። አንድ እሑድ ዜፍና ቱሼ ለምሳ መጥተው ዓሣው እስኪወጣ ሲጠባበቁ፣ የፓሽክ ልጅ ፊሌ የዘፈኑን ጥቂት ቃላት ስልኳ ላይ ጻፈችና «አባዬ፣ ይኸው» ብላ ከፈተችው። ያችው ድምፅ ናት። ፓሽክ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። መሃሉን ሲያልፍ ግን እሱ ሽቅብ የወሰደውን ዜማ ሴትዮዋ ቁልቁል አወረደችው።

«ተሳሳተች» አለ ዜፍ።

ፓሽክ ፊቱ ቀላ። ሚስቱ ድራኔ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው።

«እኔን እኮ የረታኝ መጨረሻው ነው» አለች ቱሼ ቀስ ብላ።

«እንግዲያውስ ያገባሽው ይህን ቀጣፊ ነው» አለ ዜፍ።

ከምሳ በኋላ ፓሽክ የፊሌን ስልክ ተውሶ ብስክሌት መጠገኛው ውስጥ ተቀመጠ። ዘፈኑን ደጋግሞ ከፈተው። መጀመሪያ ላይ እንባው መጣ። ሲመሻሽ ግን ዘፈኑ እየተዘፈነ እሱ ስለ አንድ የጎበጠ ቸርኬ ሲያስብ ራሱን አገኘው። ያን ሁሉ ዓመት በልቡ ያኖረው ነገር በአንድ ከሰዓት ሰለቸው። ደነገጠና አጠፋው።

በማግስቱ ዜፍ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

«ምን ሆነብህ?»

«ብስክሌቱ ደህና ነው። ሌላስ ከራስህ የቀጠልከው ዘፈን አለ?»

ፓሽክ ከየትም ሬዲዮ ያልሰማው፣ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ አንድ እንዳለውና አፍሮ ለማንም እንዳላሰማው ነገረው። ዜፍ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። ፓሽክ የእጁን ግራሶ ጠርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ማፏጨት ጀመረ።

«መሃሉ ላይ አመለጠኝ» አለ ዜፍ። «እስቲ ድገመው።»