ከኮረብታው ጀርባ የሻገተው ሣር

የተሰጠን ትእዛዝ ኮረብታውን ይዘን ደጀን እስኪደርስ እንድንጠብቅ ነበር። ያዝነው። ደጀኑ ግን ቀረ። ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው ቁስለኛ የሚያወርዱልን ሦስት ፈረሶች ብቻ ነበሩ። እኛ ቃሬዛ ይዘን ብንወርድ ምሽጉን የሚጠብቅ ሰው አይተርፍም።

ፈረሶቹን የያዘው ሙራድ ነው፤ ከውትድርና በፊት ቡታጅራ ጋሪ ይነዳ ነበር። እኔን «የወልቂጤ ሰው ከባጃጅ ሌላ ምን ያውቃል!» እያለ ይተርበኝ ነበር። ከኮረብታው ጀርባ ያለው ሜዳ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ሙራድ በእጁ ገለጥ ሲያደርገው ግን በእግርና በጎማ የተረገጠው ሣር ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

«ይሄ ፈረስ ይገላል፣ ወላሂ!» አለ።

«ሌላ ሣር የት አለ?» አሉት የመቶ አለቃው።

ነበር። ከፊታችን ያለው ቁልቁለት ያልተረገጠ ንጹሕ ሣር ነው፤ ግን የጠላት መትረየስ ያየዋል። «ለሣር ብዬ ሰው አልልክም» አሉ። እኔም በቦታቸው ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ቦራው ፈረስ ምራቁን ያዝረከርክ፣ እንደ ሰከረ በክብ ይዞር ጀመር። «አረቄ ማን አጠጣው?» ብለን ሳቅን። ማታ ግንባሩን ድንጋይ ላይ እንዳስደገፈ ሞተ። ሁለተኛውም ተከተለው። የቀረን ዳማው ፈረስ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሞርታር ወረደብን፤ ቁስለኛው በዛ። ሙራድ ዳማውን ከሜዳው አርቆ አሰረው፤ ጎህ ሲቀድ ሳንጃውን ይዞ ወደ ፊተኛው ቁልቁለት ወረደ። «ጉሙ ሳይገፈፍ እመለሳለሁ» አለኝ። አንድ እቅፍ ሣር ይዞ ተመለሰ። ዳማው በልቶ ሁለት ቁስለኞች አወረደ። በሌላው ንጋት ጉሙ ቶሎ ተገፈፈ። መትረየሱ አንዴ ተኮሰ። ከዚያ ዝም።

ሲመሽ አስከሬኑን አመጣን። ያጨደው ሣር በደረቱ ሥር ነበር። ለዳማው ሰጠነው። አሽትቶ ፊቱን አዞረ፤ ደም ነክቶታል። ሌሊት ገመዱን በጥሶ ወደ ሻጋታው ሜዳ ወረደ።

ኮረብታውን ለቀን ስንወጣ ስምንት ሰው ቀብረን ነበር። ሐኪሙ እንደነገረን አራቱ በጊዜ ቢወርዱ ይተርፉ ነበር። ፈረሶቹን የቆጠረ የለም፤ እኔ ነኝ የምቆጥራቸው። ሦስት።

ዛሬ ኑሮዬ ቡታጅራ ነው። ክረምት ሲገባ የጋሪ ፈረሶች ከሥራ ሲፈቱ ውኃ የተኛበት፣ የተረገጠ ባዶ ቦታ ላይ ይግጣሉ። ዘንድሮ የሙራድን ወንድም ነስሩን ጠርቼ ሣሩን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። ያው ነጩ ሻጋታ ነው። የነስሩ ፈረስ ምራቁ መዝረክረክ ጀምሯል።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «ሌላ ሣር የት አለ?»

ዙሪያውን አየሁ። እዚህ ንጹሑን ሣር የሚጠብቀው መትረየስ አይደለም፤ የቆርቆሮ አጥር ነው። ወንድሙ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ሊያመጣ እንደወረደ እስካሁን አልነገርኩትም።