ዝምተኛው ፀጉር አስተካካይ እየሮጠ ማውራት የለመደ ጊዜ

ፀጉር አስተካካዩ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ደንበኞቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተደላድለው እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር። እሱ ደግሞ ደስታው ማታ ሱቁን ዘግቶ በወንዙ ዳር መሮጥ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከልቡ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተሰንጥቆበት ወደቀ። ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ጠገኑት። ነፍሱ መለስ ስትል መጀመሪያ የጠየቀው፣ "እሮጣለሁ?" ብሎ ነው።

ሐኪሟ ቶሎ እሺ አላለችውም። ስንት ወር አስጠብቃ፣ መርምራ መላልሳ መርምራ፣ "እንግዲህ ይሩጡ፤ ግን እየሮጡ ማውራት አለብዎት። ቃል ከተቆራረጠብዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ያን የተጠገነ ሥር ማስጨነቅ አይቻልም" አለችው።

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። "ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ተቀምጦም አላወራ ብሎኝ ነው ፀጉሬ የሸበተው።"

ከዚያ ወዲያ እሱ እየሮጠ፣ እሷ በብስክሌት እያጀበችው ጀመሩ። ትንሽ ዝም ካለ ትጨነቃለች።

"ደከመህ?"

"አልደከመኝም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"መቼ አውርቼ አውቃለሁ?"

"እኔ በምን ልወቅ? በል፣ ተራመድ።"

ሩጫው የእግር ጉዞ ሆኖ ሊቀር ሲል ጨነቀውና አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ስለ ደንበኞቹ ራስ አወራ፤ የማን መሐል አናት እንደሳሳ፣ ማን ቀለም እንደሚቀባ። ቀጥሎ እሷን መጀመሪያ ያያት ዕለት ምን እንዳሰበ ነገራት፤ ይህን ስትሰማ ብስክሌቷን ቦይ ውስጥ ልትከተው ነበር። ሱቁም ውስጥ ምላሱ ተፈታ። አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ቢያጡ፣ "አንተ፣ ልብህን ሲጠግኑ ራዲዮ ረስተውብህ ነው እንዴ?" አሉት።

አንድ ጠዋት የድሮ የሩጫ ጓደኛው ሥጋ ሻጩ ከኋላ መጥቶ አለፈው። "ምነው ወንድሜ፣ ሚስትህ እየነዳችህ ነው?"

ደሙ ፈላ። እግሩ ሳያማክረው ፈጠነ። ለሚስቱ የልጅነቱን ታሪክ ጀምሮላት ነበር፤ በአጎቱ ሠርግ ዋዜማ፣ አጎቱ ተኝቶ ሳለ ግማሽ ጢሙን እንዴት እንደላጨው።

"አጎቴ... ሲነቃ... መስታወቱን..."

ቃሉ ተሰበረ። እሷ አፏን ሳትከፍት ራሱ ሰማው። የሥጋ ሻጩ ጀርባ እዚያው ፊት ለፊቱ ነበር፤ ደርሶ ቢያልፈው እንዴት ደስ ባለው። ግን እርምጃውን ገታ፣ ቆይቶም መራመድ ያዘ።

"ፈጥኜ ነበር" አለ።

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣው ቀረች። ትንፋሹ ሲረጋ በዝግታ መሮጥ ጀመረ፤ ታሪኩንም ካቆመበት ቀጠለ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሥጋ ሻጩ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ ነበር። ጆሮውን ጣል አደረገና፣

"ቆይ ቆይ፣ ሙሽራዋ ምን አለች?" ብሎ ተከተላቸው።

"መስማት ከፈለግህ በኛ እርምጃ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሥጋ ሻጩም አጠገባቸው ገብቶ፣ እየተንቀራፈፈ ሮጠ።