የፍኖተ ሰላም አውሮፕላን በጀርመን ግድግዳ

ከቡሬ የወጣሁ ለታ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ድረስ መጥተው የሸኙኝ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ናቸው። የምሄደው ቀበሌው የጻፍሁትን ግጥም ይዞ «ይህ የሚነካው ማንን ነው?» እያለ መቀመጫ ስላሳጣኝ ነበር። እትዬ ጥሩ ስንቅ አልሰጡኝም፤ ጥያቄ ሰጡኝ።

«ወንድሜ አንተነህ ጀርመን አገር ሥዕል ሲሥል ኖሮ እዚያው አረፈ። እናታችን መሞቷን ጽፌለት ነበር፤ መልስ የለም። ሰምቶ ነው ዝም ያለኝ ወይስ ሳይሰማ ሞተ? ይኸን አጣራልኝ። ግጥምህ እንደሁ የትም አይሄድብህም።»

ሱዳኑን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን እዚህ አልዘረዝርም፤ እናቴ ይህን ማንበቧ አይቀርም። ጀርመን ስገባ የስደተኞች ጉዳይ የምታየዋ ሴትዮ ታሪኬን ጠየቀችኝ። ከባሕሩ ጀመርሁ፣ ወደ ቡሬ ተመለስሁ፣ ከዚያ ሱዳን ገባሁ።

«በቅደም ተከተል፣ ቢተ!» አለች። ቢተ እባክህ ማለት ነው፤ ፊቷ ግን እባክህ አይልም።

«ሰው በቅደም ተከተል ያስታውሳል እንዴ፣ እመቤቴ?»

«የሚያደባልቅ የሚዋሽ ሰው ነው» ብላ ጻፈችው።

የዚህ አገር ብርድ የቡሬን ሐምሌ ያስናፍቃል። የእኛ ብርድ ቢያንስ ጭቃ ላይ ጥሎ ሰው ያስቅብሃል፤ ይኸኛው ዝም ብሎ አጥንት ይገባል። በሁለተኛው ዓመቴ የአንተነህ የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ሙዚየም እንደሚታይ ሰማሁና ሄድሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ከወጣትነቱ ሥዕል እጀምራለሁ፣ ደብዳቤው የተላከበት ዘመን ላይ ስደርስ ሐዘን እፈልጋለሁ። የሙዚየሙ ሰዎች ግን ዓመቱን ትተው ቀዩን ከቀይ፣ ፈረሱን ከፈረስ ጋር ሰቅለውታል።

«የመጀመሪያው የቱ ነው?» አልሁት አዳራሹ ውስጥ የቆመውን ጢማም ጠባቂ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

«የለም።»

«የመጨረሻውስ?»

«እሱም የለም። ሰውየው ሥዕሉ ላይ ዓመት ጽፎ አያውቅም። መደባለቁ ራሱ ጥበብ ነው።»

እኔ ሳደባልቅ ውሸታም፣ አንተነህ ሲደባለቅ ጥበብ! ምነው ሴትዮዋን ይዣት በመጣሁ!

ልወጣ ስል በሩ አጠገብ አንድ ሥዕል አቆመኝ። ጠጉሯን የተላጨች ሴት ጥቁር ነጠላ ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ አውሮፕላን አለ።

«ስደትን ያመለክታል» አለኝ ጠባቂው።

አውሮፕላኑን አየሁት። አንድ ክንፉ አጭር፣ መስኮቶቹ የድስት ክዳን የሚያካክሉ። ስደት አይደለም፤ የፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ የተሣለው አውሮፕላን ነው! ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ እኔም ፊቱ ቆሜ ተነሥቻለሁ።

እዚያው ሆኜ ደወልሁ።

«እትዬ ጥሩ፣ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ተነሥተው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ። ለእማዬ የተላጨሁ ሰሞን። ከደብዳቤው ጋር ላክሁለት።»

«ደርሶታል። ሥሎዎታል።»

በስልኩ ውስጥ የቡሬ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ።

«መቼ ሣለኝ?» አሉ። «እንደደረሰው ነው ወይስ ካረጀ ወዲህ?»

«ዓመት የለውም፣ እትዬ።»

«ተማርሁ ትላለህ! ያባታችን እጅ ሲያረጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱንም አይምረውም። ተጠግተህ መስመሩን እይልኝ።»

ተጠጋሁ። ጠባቂው «ራቅ በል፣ ቢተ!» አለኝ። አልራቅሁም። አውሮፕላኑ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የነጠላው ጠርዝም ቀጥ ያለ ነው፤ ያረጀ እጅ አልሠራውም። ዓይኔን ወደ ፊቷ አሻገርሁ።

«ይንቀጠቀጣል?» ብለው ጮኹ ከቡሬ።

«አዎ» አልሁ። «ፊትዎ ላይ ብቻ።»