ሲስተር ዓይኑስ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ የደም ግፊቱን፣ ትንፋሹን፣ ሽንቱን ይዘረዝራል። አንዲት ነርስ ግን ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «ዓይኑስ?» ትላለች። በዚህ የተነሳ ስሟ ተረስቶ «ሲስተር ዓይኑስ» ሆና ቀረች።

አንድ ወጣት ሐኪም «ሰውዬው ከሞት ጋር እየታገለ አንቺ ኩል ልትኩዪው ነው?» ሲል ቀለደባት።

«አሸንፎ ሲነሳስ በምን ሊያይህ ነው፣ ዶክተር?»

በመድኃኒት እንዲተኛ የተደረገ ሰው ዓይኑን አያርገበግብም። የዓይን ቆቡ ገርበብ ብሎ ከቀረ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ትጠርጋለች፣ ቅባት ታደርጋለች፣ በስስ ፕላስተር ትከድናለች።

አንድ ቀን እዚያ የተኙ የአንድ ልብስ ሰፊ ሚስት ልትጠይቃቸው ገብታ ዓይናቸው በፕላስተር ተከድኖ ብታይ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«በቃ፣ ከደናችሁት።»

«እማማ፣ አልሞቱም። ዓይናቸው እንዳይደርቅ ነው» ብላ ነርሷ ደግፋ አነሳቻት።

ሴትዮዋ የባሏን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አይታ ተረጋጋች። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ነው የሚተኛው። እኔ ሌባ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ተቆጣጣሪ ሆነች። ነርሷ እረፍት በወጣችበት ቀን ፕላስተሩ በአንድ በኩል ተነስቶ ብታገኘው ያንኑ ሐኪም ጠርታ «ልጄ፣ ዓይኑስ?» አለችው። አፍሮ ቅባቱን በገዛ እጁ ቀባ። በማግስቱ ነርሷ ስትመለስ የልብስ ሰፊው ፊት እስከ ጆሯቸው ያብረቀርቃል።

«ማነው አባባን ሊጠብሳቸው ያሰበው?» አለች። ዶክተሩ ፋይል ማገላበጥ ጀመረ።

በተኙ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ነቁ። የመተንፈሻው ቱቦ ሲወጣ፣ በሻከረ ድምፅ «ጭጋግ ነው። ታውሬያለሁ» አሉ። ሚስት ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ነርሷ ቅባቱን በእርጥብ ፋሻ ጠረገችላቸው። አርገበገቡ። ነርሷን ትክ ብለው አዩዋት። ሁሉም ምስጋና ጠበቀ።

«የጋውንሽ ኪስ ተጣሟል» አሉ። «ማነው የሰፋው?»

«እኔ እዚህ ተገትሬ እሱ ኪስ ያያል!» አለች ሚስት፤ እንባዋ ግን በአገጯ ይወርድ ነበር።

ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት መርፌና ክር አስመጡ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያስገቡ ሁለቴ ሳቱ፤ በሦስተኛው ክሩ ገባ። ነርሷን አጠገባቸው አቁመው ኪሱን ፈትተው ይሰፉ ጀመር። ዶክተሩ ስለ ጤናቸው ሊጠይቅ ጠጋ ሲል፣ ቀና ሳይሉ በእጃቸው ዝም አሰኙት።